ቀኝ ሲመራ፣ ግራ ሲቀበል

ጥያቄው የመጣው ከሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ ድንኳን ተክሎ፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው በአግዳሚው ተደርድሮ ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር። ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ የምንለው ዕድሩን ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት። ሟቿ እናት ኦርቶዶክስ ነበሩ። ከልጆቻቸው አንዱ ግን ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድንኳኑ ሳይታወቀን ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንዱ ወገን ካህናቱና እኛ፣ በሌላው ወገን የልጁ የጸሎት ጓደኞች። ጎረቤቴ ግራ ቀኙን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የምታመሰግኑት አንድ ጌታ አይደለም እንዴ? ታዲያ ምስጋናው እንዴት አላገናኛችሁም?» አሉኝ።

ለቅሶ ቤት ነውና «ነገሩ ረጅም ነው፣ ጋሼ» ብዬ አለፍኩት። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልሰጠሁት መልስ ነው። አብሮ ማመስገን ክርስቲያኖችን አንድ ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት አድርጎ ነው አንድ የሚያደርገው? ደግሞስ የማያደርገው መቼ ነው?

በአትክልትና በሥጋ የተጣሉት ሰዎች

ብዙዎቻችን ነገሩን የምናየው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እንስማማ፣ ከተስማማን በኋላ አብረን እናመሰግናለን። ጳውሎስ ወደ ሮም የላከውን መልእክት ምዕራፍ 14 እና 15 አያይዞ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የሮም ክርስቲያኖች በምግብ ተጣልተዋል። አንዱ ሁሉን እበላለሁ ይላል፣ ሌላው ከአትክልት በቀር አልቀምስም ይላል። አንዱ ይህ ቀን ከዚያ ቀን ይበልጣል ሲል፣ ሌላው ቀን ሁሉ እኩል ነው ባይ ነው።

የሥጋ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚለያይ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ አርደን፣ ሁለት ድስት ጥደን፣ በአንድ ዳስ የምንቀመጥ ሰዎች ነን። የሮሞቹ ልዩነት ግን በአንድ ጥምቀት በተጠመቁ ሰዎች መካከል የተነሣ ስለሆነ ይብሳል። ጳውሎስ ጉዳዩን እንደ ዳኛ ፈርዶ አልዘጋውም። የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ አለና፣ በምዕራፍ 15 የሚፈልገውን ነገር ተናገረ፦ «በአንድ ልብ ሆናችሁ በአንድ አፍ» እግዚአብሔርን እንድታከብሩ። አትክልት በላተኛው ነገም አትክልቱን ይበላል። ምስጋናው ግን እስኪስማሙ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ «አንድ አፍ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል ማለት ይመስላል። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ያደርጉት የነበረው ግን ከዚህ ይለያል፤ ለዚህም ምስክራችን ክርስቲያን ያልሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ፣ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜናዊ ክፍል የሮም አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያን የሚባሉትን ይዞ መርምሯል፤ ሁለት ገረዶችንም አሠቃይቶ ጠይቋል። ያገኘው «ወንጀል» ይህ ነው፦ በተወሰነ ቀን፣ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። እየተቀባበሉ! ስለ ክርስቲያኖች አምልኮ ከውጭ ሰው ከተጻፉት ማስረጃዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ይህ ደብዳቤ፣ በተለይ ያስተዋለው መቀባበሉን ነው።

ፕሊኒ ባያውቀውም ነገሩ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ሱራፌልን ሲያይ በኅብረት ሲጮኹ አይደለም የሰማው። «አንዱም ለአንዱ፦ ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ» እያለ ይጮኽ ነበር ይላል። ምስጋናው የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ነው፤ ቃሉ ግን በጓደኛ በኩል ያልፋል።

ማኅሌት የቆመ ያውቀዋል

በዓል ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ለቆመ ሰው ይህ ሁሉ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ካህናቱና ደባትሩ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በአንዱ ወገን ቀኝ ጌታ፣ በሌላው ግራ ጌታ አለ። ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል፤ ቀጥሎ ግራው ይመራና ቀኙ ይቀበላል። መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው ይከተላል፤ ከቀስታው መረግድ ተነሥቶ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሲደርስ ከዳር የቆመው ምእመን ሁሉ ሳያስበው እጁን ያነሣል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብቻውን የሚጨርስ ሰው የለም። ሊቅ ቢሆን፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓውን፣ ከዳር እስከ ዳር ቢዘልቀው፣ ተቀባይ ከሌለው ማኅሌት አይቆምም። ቅዳሴውም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ሆነው ካልተገኙ አይቀደስም። ገጠር ደብር ላይ ሦስተኛው ዲያቆን ጠፍቶ፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው የሚጠብቁ ቄስ ያየ ሰው ይህ ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሸመገሉት ካህን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

አምስቱ ብቻቸውንም አይበቁም። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ማለት አለበት፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ይላል። ይህ የሕዝብ መልስ ተሰጥኦ ይባላል። እንግዲህ ብዙዎቻችን ተሰጥኦውን ለዲያቆናትና ለሰንበት ተማሪዎች ትተን እጃችንን አጣምረን መቆም ለምደናል። እኔም ከነዚያው ነኝ፤ ግእዙን በወጉ የተማርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነው ለካ ስንት ዓመት ሙሉ «ሰላም ለሁላችሁ» እየተባልኩ መልስ ሳልሰጥ የኖርኩት ብዬ ያፈርኩት። ቅዳሴው ጭውውት ነው፤ እኔ የኔን ተራ እያሳለፍኩ ነበር።

በትውፊታችን የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች ከሰማይ ሰምቶ አመጣ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዜማው በየአገሩ ቤት ለይቷል። ድጓው የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአቻብር፣ የተጉለት እየተባለ አካሄዱ ይለያያል። ቅኔውም የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ አለው። ዋድላ የኛው ነው፣ የወሎ። ከአንዱ ቤት የተማረ መሪጌታ የሌላው ቤት ዜማ ወደሚባልበት ደብር ሲሄድ ምን ያደርጋል? የራሱን ዝቅ አድርጎ የደብሩን ይቀበላል። ድምፁ ያማረ ሁሉ ለማኅሌት የማይሆነው በዚህ ነው። ተሰጥኦ ቢኖረው እንኳ፣ በዛሬው አነጋገር ማለቴ ነው፣ መስማት ካልቻለ ሌላውን ያበላሻል። አንድነቱን የሚሠራው ከጉሮሮ ይልቅ ጆሮ ነው ብል አላጋነንኩም።

ወሎ በዚህ በኩል ያበረከተችው ትንሽ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት አቋቁመው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ አባቶች ከዚያ ወጡ። ከዚያው ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ደግሞ ሰዓታት የሚባለውን የሌሊት ጸሎት ደረሱ። በትውፊቱ እንደሚነገረው ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ትምህርት አልገባ ብሏቸው፣ መነኮሳቱ በጸሎትና በትምህርት ሲያድሩ እርሳቸው ለገዳሙ እህል ሲፈጩ ኖረዋል። ዛሬ በፍልሰታ ሌሊት ከሰዓታቱ የማይካፈል የኦርቶዶክስ ደብር ማግኘት ያስቸግራል። ወፍጮ ላይ የነበረው ልጅ የጻፈውን ነው አገር ሁሉ አብሮ የሚለው።

ቤዛ ኵሉ

ለዚህ ሁሉ ማሳያ አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላን እመርጣለሁ። ከቅዳሴው በኋላ ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ቤተ ማርያምን ከከበባት አለት አናት ላይ፣ ማሜ ጋራ ከሚባለው ጫፍ፣ ነጭ ለብሰው ተደርድረው ይቆማሉ። ግማሾቹ ከታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ናቸው። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞችና የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፦ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። ላይኛው ሲል ታችኛው ይቀበላል፣ ታችኛው ሲል ላይኛው ይመልሳል።

እዚያ የቆመ ሰው አንገቱን ሲያቀና ሲደፋ ይውላል። ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን ለመስማት ወደ ጫፉ ያጎነብሳሉ፤ የታችኞቹ ደግሞ አንጋጠው ይጠብቃሉ። በመካከል ያለው የተፈለፈለ አለት ነው። ዜማው ያንን ክፍተት አልደፈነውም፣ አለቱም አልተነቃነቀም። ሁለቱ ወገኖች ግን አንድ ምስጋና አቀረቡ። ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በየጉባኤው ከሰማኋቸው ንግግሮች ይልቅ ያ አለት የበለጠ አስተምሮኛል።

ከበሮውንም ልብ በሉ። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ። አባቶች ሰፊውን የክርስቶስ የመለኮቱ፣ ጠባቡን የትስብእቱ (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ያደርጉታል፤ የተጠላለፈው ጠፍር ጌታ የተገረፈበት ሰንበር ነው። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የተዋሕዶን ትምህርት፣ ሁለት አፍ አንድ ከበሮ ብሎ በእጁ ይዳስሰዋል። አብሮ ማመስገን ስሜት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ነው፤ ምስጋናው ውስጥ ትምህርት አለ። የምንዘምረው ነገር የምናምነውን ያሳየናል፣ ቀስ እያለም ይቀርጸናል።

ሳይንሱም የራሱን ያክል ይላል። የስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው የሚዘምሩ ወጣቶች ትንፋሻቸው በዜማው ስለሚገዛ የልብ ምታቸው አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል አግኝተዋል። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ለወራት ትምህርት ሲማሩ ተከታተሏቸው፤ አንዳንዱ ቡድን መዝሙር፣ አንዳንዱ የእጅ ሥራ፣ አንዳንዱ የፈጠራ ጽሑፍ ይማራል። ዘማሪዎቹ ከሌሎቹ ፈጥነው ተቀራረቡ። በሰባተኛው ወር ላይ ግን ሁሉም ቡድኖች እኩል ተቀራርበው ተገኙ። ዜማ በሩን ቶሎ ይከፍታል ማለት ነው። ገብቶ መኖር ግን ሌላ ሥራ ነው።

ቦሩ ሜዳ ላይ ሁሉም ያንኑ ድጓ ያውቁ ነበር

እዚህ ላይ ጎረቤቴ ቢኖሩ «ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ካለው ለምን ተለያያችሁ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። መልሱም ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ይጀምራል።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። ስለ ክርስቶስ ማንነት ተነሥቶ ለሁለት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ቤተ ክርስቲያኒቱን የናጣት ክርክር፣ የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ (የሦስት ልደት) ወገኖች ክርክር፣ እዚያ ተቋጨ። ለተዋሕዶ ተፈረደ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የተከራካሪዎቹ ማንነት ነው። ሁሉም የያሬድን ድጓ የተማሩ፣ በአንድ ዓይነት ቅዳሴ የሚቀድሱ፣ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ሲባል በአንድ ዜማ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ያ ሁሉ የጋራ ምስጋና ከክርክሩ አላዳናቸውም።

ከጉባኤው በኋላ የሆነውን ደግሞ የወሎ ሰው ከአያቱ ሰምቷል። አንድነቱ በዐዋጅ ተፈለገ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ብዙዎች ግን ተሰደዱ፣ አመፁም። በዐዋጅ የመጣ አንድነት ምን እንደሚመስል ወሎ ታውቃለች፤ ስለዚህ «አንድ እንሁን» የሚል ቃል በኛ አገር ጆሮ ቶሎ አይገባም፣ ባይገባም አይፈረድበትም። ምስጋና በባሕርዩ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውን ማስገበር ይቻላል፤ በግድ የወጣ «ሃሌ ሉያ» ግን ምስጋና አይደለም።

ዝማሬ ራሱም ዱላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ400 አካባቢ በቁስጥንጥንያ፣ ክርስቶስን ፍጡር የሚሉት አርዮሳውያን ሌሊት በየአደባባዩ እየተሰበሰቡ፣ ልክ እንደ ማኅሌቱ ቀኝና ግራ ሆነው እየተቀባበሉ፣ ሥላሴን በሚያምኑት ላይ የሚያሾፍ መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የራሱን ወገን መዘምራን በብር መስቀልና በመብራት አስወጣ። መዝሙር ከመዝሙር ተጋጠመ፣ ድንጋይ ተወራወረ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። እኛ ዛሬ ድንጋይ ባንወራወርም፣ ሞንታርቦ ወደ ጎረቤት ቤተ እምነት አዙሮ ድምፁን መልቀቅ የዚያ ነገር የእህት ልጅ ይመስለኛል። ያ ሞንታርቦ እግዚአብሔርን ሳይሆን ጎረቤትን ነው የሚያናግረው። አሞጽ «የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ ዘንድ አርቅ» ያለው ዜማው ስለተበላሸ አልነበረም፤ ዘማሪው ድሀውን እየበደለ ስለሚዘምር ነው።

ለዚህ ነው ቅዳሴው ራሱ መሐል ላይ ቆም የሚያደርገን። ዋናው ምስጋና ከመጀመሩ በፊት ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይላል፤ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ። ወዲያ ወዲህ ጎንበስ ጎንበስ ብለን እናልፈዋለን። ትርጉሙ ግን ማቴዎስ 5 ላይ ያለው ነው፦ መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ። ከተጣላኸው ሰው ጋር ሳትታረቅ ከዚህ በኋላ ያለውን አትበል ማለት ነው።

በዘመናችን አንዲት ቃል ብቻ መለያየትን እንዴት እንደምታሳይ አይተናል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአገር ቤትና በስደት ተከፍሎ ሲኖር፣ ቅዳሴው አንድ፣ ዜማው አንድ፣ ጾሙ አንድ ነበር። የሚለየው በጸሎቱ ውስጥ የሚጠራው የፓትርያርኩ ስም ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ሲወርድ ከስምምነቱ አንዱ የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስም አብሮ እንዲጠራ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀ ቁስል በጸሎት ውስጥ አንድ ስም በመጨመር መዳን ጀመረ። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ስሞች ተከታትለው ሲጠሩ የሰሙ እናቶች በቅዳሴው መሐል ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ካሉት ጋርስ?

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያኖቹ መካከል ያለው ግን ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ማለስለስ አልፈልግም።

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግእዝ ሥርዓት ትቀድሳለች። ከኦርቶዶክሱ ቅዳሴ ጋር ቃሉ በአብዛኛው ይገጥማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የጀመረው መለያየት ስላልተፈታ አንዱ ከሌላው አይቆርብም። አንድ ዓይነት ምስጋና አለ፣ አንድ ማዕድ ግን የለም። ወንጌላውያኑ ደግሞ ዜማው፣ መሣሪያው፣ አማላጅነት ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ ይለያል። የኦርቶዶክስ ቀኖና ከሌላ ትምህርት ጋር በአንድ ጸሎት መቆምን የሚከለክለው ከጥላቻ አይደለም። ከላይ እንዳልኩት ምስጋና ውስጥ ትምህርት አለ፤ አብሮ መቀደስ ማለት «በዚህ ሁሉ ተስማምተናል» ብሎ መፈረም ነው። ሳይስማሙ መፈረም ውሸት ይሆናል የሚል ነው አሳቡ። ብዙ ወንጌላውያን ወዳጆቼ ይህን እንደ ኩራት ያዩታል፤ እኔ በጥንቃቄ ነው የማየው። እነርሱም በበኩላቸው ለሥዕል ስገዱ ቢባሉ አይሰግዱም፤ ያውም ትክክል ነው፣ ያላመኑበትን ለምን ያደርጋሉ?

እንዲህ ሆኖም የጋራ የሆነው ነገር ከምናስበው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ381 የተሟላው ጸሎተ ሃይማኖት አለ። አባታችን ሆይ አለ። ከሁሉ በላይ ዳዊት አለ። የኛ ዳዊት መቶ ኀምሳ አንድ መዝሙር አለው፣ የእነርሱ መቶ ኀምሳ፤ በአንዷ አንጣላም። የኛዋ አሮጊት በማለዳ ዳዊት ስትደግም፣ የእነርሱ ወጣት በጊታር ያንኑ መዝሙር ሲዘምር፣ አንድ ቃል ነው ከሁለት በኩል የሚመጣው። ቅኝቱ እንኳ የአገር ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ መሬት ነው። እዚህ ላደገ ሰው ምስጋና ሲወጣ በምን ዜማ ሊወጣ ይችላል? መንዙማውን የሰማም ይህን ይመሰክራል፤ እዚያም አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ለክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተጀመረ ሲሆን በብዙ አገር ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 ይውላል። በኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥር 10 ይጀምራል ማለት ነው፤ ከተራ! አስበውት እንዳላደረጉት ግልጽ ነው። ግን ታቦት በሚወጣበት፣ መንገድ በሚጠረግበት፣ ሙስሊሙ ወጣት ውኃ ይዞ በሚቆምበት ቀን መዋሉ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ጎረቤቴ ወደጠየቁኝ ልመለስ። በሠልስቱ ቀን እንደገና ተሰብስበን ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ወጥተዋል። የሟቿ እኅት፣ ወገባቸው የጎበጠ ሴት፣ ማንንም ሳያዩ «በሉ ተነሡ፣ አባታችን ሆይ በሉላት» አሉ። ሁሉም ተነሣ። ልጁና ጓደኞቹም ተነሡ። «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብለን ጀመርን። መጀመሪያ የእነርሱ አካሄድ ፈጠን ይል ነበር፣ የኛ ይጎተታል። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስንደርስ እነርሱ ቀዘቀዙ፣ እኛም ትንሽ ፈጠንን፣ ድምፁ ገጠመ። እስከ «ለዘለዓለሙ አሜን» አብረን ደረስን።

ከዚያ እኛ እንደ ልማዳችን «እመቤቴ ማርያም ሆይ» ብለን ቀጠልን። እነርሱ ዝም አሉ። እኔ ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። ልጁ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ እንደ ቆመ ቀረ፤ ጓደኞቹም እንዲሁ። እስክንጨርስ ቆመው ጠበቁን። ጎረቤቴ ከድንኳኑ በር ላይ ሆነው ይመለከቱ ነበር።